«ሆም ፍሮንት»ን ምን እንበለው? ደጀን፣ ጎማ፣ ነጥብ፣ ማጎሪያ

ፊደል ቆጣሪ፦ ሰላም ለቤቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለነበረው የአሜሪካ ኑሮ በሚተርኩ ጽሑፎች ውስጥ ለትርጉም የሚያስቸግሩ ቃላት አሉ፦ «ሆም ፍሮንት»፣ «ራሽን ፖይንት»፣ «የማንቹሪያ ኢንሲደንት»፣ «ሪሎኬሽን ሴንተር»። የመጀመሪያውን «የቤት ግንባር» ብሎ የተረጎመ አለ። ያስኬዳል?

ስርዋጽ፦ አያስኬድም። «የቤት ግንባር» ሲባል ሳሎን ውስጥ ምሽግ የተቆፈረ ይመስላል። አማርኛ የራሱ ቃል አለው፤ ደጀን። ግንባር ያለው ይዋጋል፣ ደጀኑ ያመርታል፣ ይሰንቃል፣ ይቆጥባል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ደጀን ከግንባር ጀርባ በተጠባባቂነት የቆመ ጦርም ነው። ስለዚህ ሰላማዊውን ሰው «ደጀኑ ሕዝብ»፣ አኗኗሩን «የደጀን ኑሮ» ማለት ይሻላል።

ባለ ልኳንዳ፦ «ራሽን» እንዳለ ይቀመጥ፤ ከቀበሌ ሱቅ ዘመን ጀምሮ አማርኛ ሆኗል። የራሽን ደብተሩን «ስታምፕ» ግን ቴምብር ካላችሁት አንባቢው ፖስታ ቤት ይሄድባችኋል። ኩፖን በሉት።

«ፖይንት» ነጥብ ነው፤ እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት ነጥብ ገንዘብን የተካ ማስመሰል ነው። አልተካም። ገዢው ለአንድ ቆርቆሮ ባቄላ ዋጋውንም ነጥቡንም ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከማርች 1943 ጀምሮ ለታሸገ ምግብ በሰማያዊ ኩፖን በነፍስ ወከፍ በወር 48 ነጥብ፣ ከዚያው ወር መጨረሻ ጀምሮ ለሥጋ፣ ለቅቤና ለአይብ በቀይ ኩፖን በሳምንት 16 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ሕፃንም እንደ አዋቂ ይቆጠራል። የዋጋ አስተዳደር መሥሪያ ቤቱ የእቃው አቅርቦት ሲቀንስ ነጥቡን ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ ያደርግ ነበር፤ የገንዘቡ ዋጋ ግን በጣሪያ የታሰረ ነው። ስለዚህ «ነጥቡ ጨመረ» የሚለውን «ተወደደ» ብሎ መተርጎም ነገሩን ያበላሸዋል። ኩፖኑም ከደብተሩ የሚገነጠለው በሻጩ ፊት ነው፤ ቀድሞ ተገንጥሎ የመጣ ዋጋ የለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የተነጠለ ኩፖን እንደ ልብ ይሸጣል።

በነገራችን ላይ፣ ሴቶች በጣሳ አጠራቅመው ወደ ልኳንዳ የሚወስዱት ቅባት «ሞራ» ተብሎ ሲተረጎም ይታያል። ሞራ ከእንስሳው ሆድ የሚወጣው ጥሬው ነው። ያ ከመጥበሻ የተረፈ፣ የተጠለለ ቅባት ነው። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ፓውንድ 4 ሳንቲምና 2 ቀይ ነጥብ ይከፈልበት ነበር፤ ግሊሰሪኑ ለፈንጂ ይፈለጋልና።

ቸርኬ፦ እኔ የማነሣው ጎማን ነው። በአማርኛ ጎማ ጥሬ እቃውም፣ ከመኪናው ሥር የሚሽከረከረውም ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል ስላለው አይቸገርም፤ እኛ «ጥሬ ጎማ» እና «የመኪና ጎማ» ብለን ካልለየን የታሪኩ ሰንሰለት ይበጠሳል። ጃፓን ማላያንና የኔዘርላንድስ ምሥራቅ ሕንድን (የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ) በ1942 መጀመሪያ ስትይዝ፣ አሜሪካ ከምታስገባው ጥሬ ጎማ 90 በመቶ ገደማው ምንጩ ተዘጋ። በመላ አገሪቱ መጀመሪያ ራሽን ውስጥ የገባውም ስኳር ሳይሆን የመኪና ጎማ ነው፤ ጃንዋሪ 1942። ስኳር የተከተለው በሜይ ነው።

ቤንዚኑ ላይ ደግሞ ሁለት ምክንያት ተደባልቋል። ምሥራቁ ጠረፍ በሜይ 1942 ራሽን የገባው የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ነዳጅ ጫኝ መርከቦችን እያሰጠሙ ስለነበር ነው፤ እዚያ «ቤንዚን በማጠሩ» ቢባል ትክክል ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1942 መላ አገሪቱ ሲጨመር ግን የተፈለገው ሰው ብዙ እንዳይነዳና የመኪና ጎማው እንዳያልቅ ነው። ቴክሳስ ነዳጅ ሞልቶ ሳለ ነጂው በራሽን ይቀዳ ነበር። መስተዋቱ ላይ «ኤ» የተለጠፈበት መኪና በሳምንት 4 ጋሎን፣ ወደ 15 ሊትር ያገኛል፤ «ቢ» ለሥራው መኪና የግድ ለሚለው፣ «ሲ» ለሐኪምና ለመሳሰሉት ነው። ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለአንድ መኪና ከአምስት በላይ ጎማ መያዝም ተከልክሎ ነበር፤ «ስኮርታው አምስተኛ ነው» ብሎ መጨመር አንባቢን ያግዛል።

ስርዋጽ፦ «ኢንሲደንት»ን «ክስተት» አትበሉት፤ ክስተት ፀሐይ ስትጨልም ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1931 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በማንቹሪያ፣ ሙክደን ከተማ አጠገብ የባቡር ሐዲዱን ያፈነዱት እዚያው የሰፈረው የጃፓን የራሷ የኳንቱንግ ጦር መኮንኖች ናቸው፤ በቻይናውያን አሳብበው ማንቹሪያን ያዙ። ጃፓኖች በቋንቋቸው «ጂሄን»፣ ማለትም «ኢንሲደንት» አሉት፤ በ1937 መላ ቻይናን የወረሩበትን ጦርነትም እንዲሁ። በ1937 ጦርነት ብለው ቢያውጁ የአሜሪካ የገለልተኝነት ሕግ የጦር መሣሪያ ንግዱን ይዘጋባቸው ነበር። (ጣሊያንም በ1935 ሳያውጅ ነው የገባብን።) አማርኛ ለእንዲህ ያለ ማቅለያ የታወቀ ቃል አለው፤ ግርግር፣ እንደ «የታኅሣሥ ግርግር»። ባለሥልጣኑ ሲናገር «የማንቹሪያ ግርግር»፣ ጸሐፊው በራሱ አፍ ሲናገር «የማንቹሪያ ወረራ»።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ሪሎኬሽን ሴንተር»ስ? «የሰፈራ ጣቢያ» ልንል ነው?

ግዕዝ ወዳድ፦ በባለሥልጣኑ አፍ አዎ፣ በትእምርተ ጥቅስ። ማቅለያነቱም ለእኛ አንባቢ ሳይነገረው ይገባዋል፤ በ1977 ዓ.ም. «ሰፈራ» የሚለውን ቃል በሚገባ አውቆታል። በተራኪው አፍ ግን ማጎሪያ ነው፦ 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ ሁለት ሦስተኛው የአሜሪካ ዜጎች፣ እንደ ማንዛናርና ቱሊ ሌክ ባሉ 10 ጣቢያዎች በአጥርና በዘብ ተይዘዋል።

«ኢንተርንመንት» ሌላ ነው። በ1798 ሕግ መሠረት የጠላት አገር ዜጋ በግለሰብ ደረጃ ተይዞ በፍትሕ ሚኒስቴር ካምፕ የሚቆይበት ነው። ለዚህ «ግዞት» ይቀርባል፤ ግዞት ስም ተጠርቶ በትእዛዝ ነው፣ ማጎር በጅምላ።

በየግድግዳው የተለጠፈውን ማስታወቂያም ልብ በሉ። የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሁሉ፣ «ኤሊየን ኤንድ ነን-ኤሊየን»፣ ይውጡ ይላል። ተርጓሚዎች «የውጭ ዜጎችም አሜሪካውያንም» እያሉ ያቃኑታል። አታቃኑት። የማስታወቂያው ጸሐፊ «ዜጋ» የሚለውን ቃል ሸሽቶ ነው «ነን-ኤሊየን» ያለው። «የውጭ ዜጋ የሆነም ያልሆነም» በሉና ተዉት።