የማኅበሩ ሚክሰር ኦፕ አምፑ ይቀየር ወይስ ይተው?

ጠያቂ (ማራኪ)፦ ጎንደር ውስጥ የሰፈራችን ማኅበር ለሰርግና ለስብሰባ የሚያከራየው ባለ 16 ቻናል ሚክሰር (የማይኮቹን ድምፅ የሚደምረው መሣሪያ) አርጅቷል። ማንም ሳይናገርበት ሹ ይላል። አንድ ሠራተኛ «ውስጡ ያሉትን 40 የቲኤል 072 አይሲዎች (ኦፕ አምፕ የሚባሉትን ድምፅ የሚያጎሉ ቺፖች) በሙሉ በኤንኢ 5532 ብንተካቸው አዲስ ይሆናል» አለን። ገንዘቡ የአባላት መዋጮ ነው። ምን ትላላችሁ?

የአዝማሪ ቤት ሳውንድ ማን፦ ይቀየር እንጂ! የአምራቾቹን ወረቀት እዩት። የ072 ጫጫታ 18 ናኖቮልት በስኩዌር ሩት ኸርዝ ነው፣ የ5532 ግን 5፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሹሹታው ያንሳል። ማታ ማታ የማሲንቆ ማይክ ጌን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ስከፍት ሹሹታው አብሮ ይመጣል። ሰው ከፍሎ የገባው ማሲንቆውን ሊሰማ ነው።

ጠጋኝ (ፒያሳ)፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን ቸኮልክ። በብዙ ሚክሰር የማይኩን ደካማ ድምፅ መጀመሪያ የሚያጎሉት ትራንዚስተሮች ናቸው። ጌን ስትከፍት የሚመጣው ሹሹታ በአብዛኛው የእነሱ ነው። ኦፕ አምፕ ጎልቶ የሚሰማው ቻናሎቹ የሚደመሩበት ቦታ ላይ ነው። 16 ቻናል ሲደምር አይሲው የራሱን ጫጫታ 17 ጊዜ ያህል ያጎላዋል፣ ወደ 25 ዲሲቤል ማለት ነው። እስቲ የቻናሎቹን ፌደር (የድምፅ መጠን ተንሸራታች) ሁሉ ዝጉና ማስተሩን (የድምሩን መቆጣጠሪያ) ክፈቱ። ያኔም ሹ ካለ እዚያ ያሉትን ሁለት ሦስት አይሲ ቀይሩ። 40ውን መንቀል ለምን አስፈለገ?

ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን (ለሚክሰሩ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል) አስቡት። አንድ 072 ወደ 3 ሚሊአምፔር ይበላል፣ 5532 ግን 8 ገደማ። በ40 ሲባዛ 200 ሚሊአምፔር ተጨማሪ ጭነት ነው። ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን የሚያረጋጋው) ይግላል፣ አጠገቡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው) ይደርቃል።

ሳውንድ ማን፦ ማቀዝቀዣ ብረቱን ማሳደግ ይቻላል እኮ።

ጠጋኝ፦ ይቻላል። የፖቶቹን (የሚዞሩትን መቆጣጠሪያዎች) ነገርስ? የ072 መግቢያ ከረንት አይስብም ማለት ይቻላል፤ 5532 ይስባል። ያ ከረንት በፖት ካለፈ፣ ባዞርከው ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ፈጣን አይሲ ደግሞ አጠገቡ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ካጣ ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት ይርገበገባል። ያኔ ድምፁ ይሻክራል፣ አይሲውም ይግላል።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፦ ልጆቼ፣ ባለፈው ሰርግ ያሳፈረን ሹሹታ አይደለም። «እምምም» የሚል ነበር፤ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ዋጠው። በዚህ ገንዘብ እሱ ይድናል?

ጠጋኝ፦ አይድንም፣ እትዬ። እሱ የመብራት ድምፅ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የፓወር ሰፕላዩ ትልልቅ ካፓሲተሮች ሲደክሙ እጥፉ፣ 100 ኸርዙ፣ ይሰማል። የገመድና የግራውንድ ችግርም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ገመዶቹን ሁሉ ነቅለው በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። ያኔም ካለ ክዳኑ ይከፈት። አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካሉ መዋጮው ለእነሱ ይዋል።

ሳውንድ ማን፦ ካፓሲተሩ ይቅደም፣ እሺ። የድምሩ ቦታ ግን አይቅር፤ ሶኬት ይበየድበትና ሁለቱን አይሲ እያቀያየርን በማሲንቆ እንስማው።

ጠጋኝ፦ በሶኬቱ እስማማለሁ። አይሲውን ግን ከሚታመን ቦታ ግዙ፤ ጀርባው ተፍቆ ሌላ ቁጥር የተጻፈበት ሞልቷል።

ጠያቂ፦ እንግዲያው የ40ውን ሥራ አስቁሜዋለሁ። ቅዳሜ መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ እንሰማዋለን፤ ክዳኑን ከከፈትን የካፓሲተሮቹን ፎቶ እዚሁ እለጥፋለሁ።