የሀዋሳ ሐይቅን ጉዳይ ማን ይወስን? በጋራ ሐሳባችን ላይ የዕቅድ ውይይት

ፀሐፊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኮሚቴው ያዘጋጀው የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷችኋል። ዋናው ዐረፍተ ነገር "የውሳኔ ሥልጣን ወደ ታች ይውረድ" ይላል። ይህን ማን ይቃወማል? ማንም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ማንም የማይቃወመው ደብዳቤ ማንንም አያስጨንቅም። ማኅተም ይመታበታል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ አለቀ።

ሐሳባችን የሚሄደው ለከተማው ምክር ቤት፣ ለሲዳማ ክልል ምክር ቤትና ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። ሦስቱም ሲያነቡት "ይሄስ እኔን ነው" ማለት አለባቸው። ስለዚህ በጥቅሉ ማውራቱን ትተን ውሳኔ በውሳኔ እንሂድ። ዓሣ ማውረጃውን ማን ያስተካክል? የጎርፍ ቦዩን ማን ይጥረግ? ከደጋው የሚወርደውን ደለል ማን ያስቁም? አገሪቱ ከሌሎች ጋር የምትፈርመው ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ ማን ይጠይቀን? ለእያንዳንዱ ባለቤት፣ በጀትና የመልስ ቀን እንጻፍለት። እስቲ ጀምሩ።

ከዓሣ አስጋሪዎች ወገን፦

እኔ ሕግ አላውቅም፤ የዓሣ ገበያችንን አሞራ ገደልን ግን አውቃለሁ። ክረምት ሲገባ የከተማው ጎርፍ ፕላስቲኩንም፣ የተቃጠለ ዘይቱንም፣ ምኑንም ይዞ ሐይቁ ውስጥ ይዘረግፈዋል። አቤት ልንል ሄድን። አንዱ ቢሮ "ይሄ የውሃ ጉዳይ ነው" አለን። የውሃው "የአካባቢ ጥበቃ ነው" አለ። እነሱ ደግሞ "ቦዩን የሠራው የመንገድ ክፍል ነው" አሉን። ዞረን ዞረን መጀመሪያ ያንኳኳነው በር ላይ ተመልሰን ቆምን። ማንም ክፉ አልተናገረንም። ሁሉም በፈገግታ ነው የሸኙን። እሱ ነው የሚያናድደው።

የመረቡም ነገር አለ። ቀዳዳው የጠበበ መረብ የቆሮሶውን ጫጩት ሳይቀር ጠርጎ ይወጣል። ክልክል ነው ይባላል። ሌሊት የሚቆጣጠር ግን የለም። የሚቆጣጠረው ሰው ደመወዙን ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያገኝ ገና አልተስማሙም መሰለኝ። የኔ ሐሳብ አጭር ነው፤ ሐይቁን ለከተማው ስጡት፣ በቃ።

ጡረተኛው ጠበቃ፦

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። "ለከተማው ስጡት" ብለን ከጻፍን ግን ገና ከመጀመሪያው መስመር እንወድቃለን።

ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከላይ የሚታይ መውጫ የለውም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። የሚገባው ደግሞ ከከተማው ብቻ አይደለም። ጥቁር ውሃ ወንዝ በጨለለቃ ረግረግ በኩል ይመጣል። ተፋሰሱ ሲዳማ ውስጥም ኦሮሚያ ውስጥም ነው። በሻሸመኔ በኩል ያለ ኮረብታ ሲራቆት አፈሩ የሚወርደው ወደ እኛ ነው። የሀዋሳ ከንቲባ እዚያ ሄዶ "ዛፍ አትቁረጡ" ብሎ ማዘዝ አይችልም።

አሁን ሕገ መንግሥቱን ክፈቱ። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያስተሳስሩ ወንዞችንና ሐይቆችን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን ፌዴራል በሚያወጣው ሕግ መሠረት ያስተዳድራሉ ይላል። ከተማ የሚባል እርከን በሁለቱም ቦታ ስሙ የለም። የእኛ በር አንቀጽ 50 ነው። ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ንዑስ አንቀጽ 9 ፌዴራል ሥልጣኑን ለክልል በውክልና መስጠት እንደሚችል ይፈቅዳል። ልብ በሉ፤ ለክልል እንጂ ለከተማ አይልም። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ደረጃ አለው። ፌዴራል ለክልሎቹ ይወክላል፤ የእኛ ክልል ደግሞ በራሱ ሕግ ለከተማው ያወርዳል። ሁለቱንም ካልጠየቅን መሀል መንገድ ላይ ይቀራል።

በነገራችን ላይ የጋራ መድረክ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 534 የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣኖችን ለማቋቋም ነበር። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ባለሥልጣን መቀመጫውም እዚሁ ሀዋሳ ነበር። በኋላ በተደራራቢ የአደረጃጀት ለውጥ ሥራው ወደ ሚኒስቴሩ ተጠቃለለ። የመጨረሻው ቃል አዲስ አበባ ገባ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ሲደረግ ሐይቁ ዳር የሚኖረውን ሰው የጠየቀ አላየሁም።

ገንዘብ ያዡ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን ሁሌ እንደምለው ልበል፤ በጀቱ እላይ ከቀረ የሚወርደው ሥራው ብቻ ነው።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። የፌዴራል ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር ለክልል ይደርሳል። ክልሉ በራሱ ቀመር ለወረዳና ለከተማ ያከፋፍላል። የወረዳ ጥቅል ድጎማ የሚባለው በ1995 በጀት ዓመት ሲጀመር እኛ ገና ደቡብ ክልል ውስጥ ነበርን። ወደ ታች የሚመጣው ብር አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። ከተማው የራሱ የማዘጋጃ ቤት ገቢ አለው፤ እሱን ደግሞ መንገዱ፣ ቆሻሻውና የመንገድ መብራቱ ይሻሙታል። ሐይቁ ተራ አይደርሰውም።

በዚሁ በሞያሌ መንገድ ወርዳችሁ ኬንያ ብትገቡ ሌላ ነገር ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቁት ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎችን ፈጥሯል። ከብሔራዊው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎቹ መድረስ አለበት ብሎ ቁጥሩን ጭምር ጽፎታል። ደስ ይላል። ግን እዚያም ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። ስሌቱ የሚሠራው ፓርላማው ባጸደቀው የመጨረሻ የኦዲት ሂሳብ ላይ ነው። ኦዲቱ ከዘገየ መቶኛው የሚሰላው ባለፈበት ገቢ ነው። ቁጥር ስንጠይቅ ከየትኛው ዓመት ሂሳብ እንደሚሰላ አብረን እንጻፍ። ካልጻፍን ይጫወቱብናል።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሠራችው አባል፦

እናንተ ስለ ክልልና ፌዴራል ታወራላችሁ። የኔን ጓደኞች ኑሮ የቀየረው ውሳኔ ግን ከዚያም በላይ ነው የመጣው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሰው ከየገጠሩ መጣ። የምንሰፋው ልብስ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባው አጎዋ በሚባለው ዕድል ነበር። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከዚያ አወጣች። ምክንያቱ ጦርነቱ ነበር፤ እሱን ሌሎች ይተንትኑት። የቤት ኪራይ የምትከፍለዋን ልጅ ግን አዲስ አበባም ዋሽንግተንም አልጠየቃትም። ይሄን ረቂቁ ውስጥ የት ነው የምታስገቡት?

ፀሐፊዋ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከባድ ነው። አጎዋን ግን ረቂቁ ውስጥ አላስገባውም። የሌላ አገር ሕግ ነው፤ የሰጠው አካል መልሶ ወሰደው። እዚያ ውስጥ እኛ የምንካፈለው ወንበር የለም። ወንበር ያለን አገራችን ራሷ የፈረመችበት ቦታ ላይ ነው። የአፍሪካ ኅብረት፣ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርጅት ኢጋድ፣ የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ ኮሜሳ፣ አህጉራዊው ነፃ የንግድ ቀጠና። የንግድ ቀጠናው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ ጸንቷል። ቀረጥ ሲነሳ የፓርኩም ገበያ፣ የመርካቶም ዋጋ ይነካል። እዚያ ላይ መጠየቅ እንችላለን። ማንን እንደምንጠይቅ ጋሼ ይንገሩን።

ጡረተኛው ጠበቃ፦

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ነው። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መንግሥት የተዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው እሱ ነው ይላል። አንዴ ከጸደቀ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻዋ በር ማጽደቂያዋ ናት። ከእሷ በፊት የሚነካውን አካባቢ አስተያየት ስሙ ብንል ከሕጉ ጋር አንጋጭም። አንቀጽ 92ም ሰዎችን በቀጥታ የሚነካ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል።

የሲቪክስ መምህሩ፦

እኔ ከውጭ ሁለት ነገር ላምጣ። አንዱ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ቀረበ። የእኛ ፓርላማ በ2005 አጸደቀው። ደቡብ ሱዳን ስድስተኛዋ ሆና ካጸደቀች በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ግድቡና ስለ ግብፅ ነው። መርሆዎቹ ውስጥ ግን ውሃውን ማልማትና መጠበቅ አግባብ በሆነው ዝቅተኛ እርከን ይታቀድ፣ ይፈጸምም የሚል አለ። ሐይቃችን የናይል ተፋሰስ ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ ስምምነቱ እኛ ላይ አይሠራም። ግን መንግሥታችን ለአባይ የተቀበለውን መርህ ለሀዋሳ ሐይቅ የሚከለክልበት ምክንያት ካለ በጽሑፍ ይንገረን።

ሁለተኛው የአውሮፓ ኅብረት ነው። እዚያ ብራስልስ አዲስ ሕግ ስታረቅ የየአገሩ ፓርላማ 8 ሳምንት ይሰጠዋል። "ይሄ በእኛ እርከን ቢወሰን ይሻላል" የሚል ተቃውሞ ከድምፁ ሲሶ ከደረሰ ረቂቁ እንደገና መታየት አለበት። ቢጫ ካርድ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሥራ ማቆም መብትን የሚነካ አንድ ረቂቅ በዚህ መንገድ ቀርቷል። ረቂቁን ያቀረበው የኅብረቱ ኮሚሽን "መርሁን አልጣስኩም" እያለ ነው ያስቀረው፤ ግን አስቀረው። እኔን የሚስበኝ ካርዱ አይደለም፤ ቀኑ ነው። ስምንት ሳምንት ተብሎ ተቆርጧል።

ከዓሣ አስጋሪዎች ወገን፦

መምህር፣ አውሮፓ የክልሎች ኮሚቴ የሚባልም እንዳላቸው ሰምቻለሁ። እሱንም እንጠይቅ?

የሲቪክስ መምህሩ፦

አላቸው። 329 አባላት አሉት። ግን ምክር ብቻ ነው የሚሰጠው።

ከዓሣ አስጋሪዎች ወገን፦

እንግዲያው ይቅርብን። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። በታዛቢነት ቁጭ የምንልበት ስብሰባ እዚህም ሞልቷል። አበል እንኳን የለውም።

ከታቦር ክፍለ ከተማ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። አንድ ነገር ሁላችሁም አልፋችሁታል። ሥልጣን ይውረድ ትላላችሁ። ለማን ነው የሚወርደው? የአካባቢ ምርጫ በአገር ደረጃ የተደረገው በ2005 ዓ.ም. ነው። የሚቀጥለው በ2010 ይደረግ ነበር፤ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ ቀበሌው ላይ ድምፅ የሰጠ ካለ እጁን ያውጣ። በ2012 ኅዳር ላይ ለሕዝበ ውሳኔው ተሰለፍን፣ ክልል ሆንን። በ2013 ለክልልና ለፌዴራል መረጥን። ደጃፋችን ላይ ላለው ምክር ቤት ግን አልመረጥንም። ያልመረጥነው ምክር ቤት የበለጠ ሥልጣን ቢያገኝ እኛ ምን አገኘን? ከአዲስ አበባ የሚመጣው እምቢታ ከሀዋሳ ይመጣል፤ ለታክሲ ብር መቆጠቡ ነው።

ገንዘብ ያዡ፦

ይሄ ከእስካሁኑ ሁሉ ይበልጣል። ታዲያ ምርጫው እስኪመጣ እንቀመጥ?

ከታቦር ክፍለ ከተማ፦

አንቀመጥም። ግን ሁለቱ አንድ ላይ ይጻፉ። የአካባቢ ምርጫ ይደረግ የሚለው መጀመሪያ ላይ ይግባ። እስከዚያው ከተማው የሚወስነው ነገር ሁሉ የስብሰባው ቀን አስቀድሞ ተነግሮ፣ በሩ ተከፍቶ ይሁን። የተወሰነውም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ምርጫ ባይኖር ቢያንስ ዓይን ይኑር።

ፀሐፊዋ፦

ተስማምቻለሁ፤ ረቂቁንም በዚህ መንፈስ አስተካክዬዋለሁ። አሁን እንዲህ ይነበባል፦

"የአካባቢ ምርጫ የሚካሄድበት ጊዜ ይታወቅ። በከተማው ወሰን ውስጥ ያለ ሥራ፣ ማለትም የዓሣ ማውረጃ፣ የጎርፍ ቦይና የመረብ ቁጥጥር፣ የከተማው ውሳኔ ይሁን። ለዚህም በከተማው በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይከፈትለት፤ መጠኑ ባለፈው ዓመት በተዘጋ ሂሳብ ላይ ይሰላ። ተፋሰሱን የሚመለከተው ሁሉ የሲዳማና የኦሮሚያ ክልሎች፣ ሚኒስቴሩና በተፋሰሱ ውስጥ ያሉ ከተሞች በሚቀመጡበት ጉባኤ ይወሰን፤ ከተሞቹ ድምፅ ይኑራቸው። ኑሯችንን በቀጥታ የሚነካ ዓለም አቀፍ ስምምነት ለማጽደቅ ሲቀርብ ምክር ቤቱ የአካባቢውን አስተያየት ይስማ። አቤቱታ የደረሰው ማንኛውም ቢሮ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ። ጉዳዩ የእሱ ካልሆነ ባለጉዳዩን አያመላልስ፤ ራሱ ወደሚመለከተው ይላክ።"

ከዓሣ አስጋሪዎች ወገን፦

የመጨረሻዋን ወድጃታለሁ። ግን 30 ቀን ለመረብ ይበዛል። በ30 ቀን ጫጩቱ አልቋል። ለመረቡና ለጎርፉ 7 ቀን ይሁን።

ጡረተኛው ጠበቃ፦

7 ቀን ይቻላል፤ አስቸኳይ ለሚባሉት ብቻ በሚል እጨምረዋለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ስለ ጋራ ጉባኤ እየጻፍን የሻሸመኔ ሰው አልጠየቅንም። እነሱ ሲያዩት "ሀዋሳ በእኛ ኮረብታ ላይ ልታዝ ነው" እንዳይሉ። የእነሱም ፊርማ ከሌለበት ሚኒስቴሩ ዓይኑን አያሳርፍበትም።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሠራችው አባል፦

አክስቴ እዚያ ናት፤ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። ረቂቁን በአፋን ኦሮሞና በሲዳምኛም የሚያዘጋጅ ሰው ግን ፈልጉ። በአማርኛ ብቻ ከሄደ ግማሹ ሰው አያነበውም።

ፀሐፊዋ፦

ሲዳምኛውን መምህሩ ይያዙት። አፋን ኦሮሞውን አክስትሽ ሰው እንድታገኝልን ጠይቂያት። የበጀቱን አንቀጽ ገንዘብ ያዡ እስከ ዓርብ ያጥራ፤ አሁን ያለው ረዝሟል። ፊርማ የምንሰበስበው ከሻሸመኔ መልስ ሲመጣ ብቻ ነው። እስከዚያ ማንም ለማንም ቢሮ እንዳይሰጠው።