የጎን ጋሪውን የዛገ ብሎን እንዴት ላውጣ?

ደሴ ውስጥ የምገለገልበት ባለ ጎን ጋሪ ሞተር ሳይክል የክረምቱን ዝናብና ጭቃ ሲጠጣ ከርሞ፣ ጋሪውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች በዝገት ተጣብቀዋል። የላዮቹ በሽቦ ብሩሽ ጸድተው፣ ናፍጣና የሞተር ዘይት ተቀላቅሎ ካደረባቸው በኋላ ተፈትተዋል፤ የታችኛው ግን ዳዶው ማዕዘኑ ተበልቶ ቁልፍ አልይዝ ብሏል፣ የብሎኑም ጥርስ ቡናማ ቅርፊት እየጣለ ነው። ዙሪያውን በመዶሻ ብመታውም አልተነቃነቀም። ኮምቦልቻ ያማከርኩት በያጅ በእሳት አሙቀን እንፍታው ይላል፤ እኔ ደግሞ ሻሲው ቀጭን ቱቦ ስለሆነ ኃይለኛ ሙቀት ጥንካሬውን እንዳያሳጣው እሰጋለሁ፣ የተሳፋሪውን ክብደት የሚሸከመው ይኸው ማያያዣ ነውና። በብሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ምልክት ስላለ ምትኩን በዚያው ደረጃ አዘጋጅቻለሁ። ታዲያ ሻሲውን ሳልጎዳ ለማውጣት ዳዶውን በግራይንደር መሰንጠቅ ይሻላል ወይስ በልክ ማሞቅ?