ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው፣ እንዴት ልውጣ?

ሰላም እህቶች፣ ያለሁት ቤይሩት ነው። ኮንትራቴ አልቋል፣ ማዳም (አሰሪዬ) ግን አትለቀኝም። ፓስፖርቴን ገና እንደመጣሁ ነው የወሰደችው። የተዋዋልነው በዶላር ነው፣ እሷ ግን ሲመቻት በሊራ ትሰጠኛለች፣ ሊራ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ምን ያህል እንደወደቀ ታውቁታላችሁ፤ ሰሞኑንማ ጭራሽ መክፈል ትታለች።

በከፋላ (ሠራተኛዋን ከአሰሪዋ ጋር በሚያስረው የስፖንሰር አሠራር) ጥዬ ብወጣ ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ይበላሻል። ጠፋች ብላ ብትከሰኝስ? (ሰረቀችኝ የሚሉም አሉ፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ።) ቆንስላው ሌሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፋንታ የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) ቢሰጠኝ እንኳ የጄኔራል ሴኩሪቲ (የሊባኖስ ኢሚግሬሽን) መውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል ይሉኛል። ያለ ማዳም ፊርማ ያወጣች አለች? ደሞዜንስ ሳልሄድ ነው የምጠይቀው ወይስ አገር ቤት ሆኜም ይቻላል? ስልክ የማገኘው ማታ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ካልመለስኩ አትቀየሙኝ።