ለዓሳ መኖ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽፈራው ወይስ ጥቁር አዝሙድ?

ሰሞኑን ኩሬ ያስቆፈሩ ወዳጆቼ «ዓሳው እንዳይታመም መኖው ላይ ምን ልጨምር?» እያሉ ይጠይቁኛል። አንዱማ ለዶሮ ከገዛው ቴትራሳይክሊን የተረፈውን ሊበትንላቸው ነበር። ተው አልኩት። ሳይታመሙ በትንሽ በትንሹ መድኃኒት መስጠት ጀርሙን ማለማመድ ነው።

የእኔ ኩሬ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ 200 ቆሮሶ (ቲላፒያ) አለበት። ጥቆማዬ ከዚያው ነው።

አንደኛ ነጭ ሽንኩርት። የትም ይገኛል፣ ዓሳውም ሽታውን ይወደዋል። መጀመሪያ ላይ ግን ከመኖው ጋር አብሬ እየቀቀልኩ ስንት ሽንኩርት አባከንኩ! አሊሲን የሚባለው ዋናው ነገር የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲደቆስ ነው፤ እሳት ያጠፋዋል። አሁን በሙቀጫ እወቅጥና አሥር ደቂቃ አቆየዋለሁ። ከዚያ በትንሽ ዘይት ለውሼ የቀዘቀዘውን መኖ አሸዋለሁ፤ ጥላ ላይ አናፍሰዋለሁ። ልኩ ከመኖው 2 በመቶ ገደማ ነው። ዓሳዎቼ 100 ግራም አካባቢ ሲደርሱ ሁሉም ተደምረው በቀን 600 ግራም ያህል መኖ ይበላሉ። ስለዚህ 12 ግራም፤ ከአንድ ራስ ላይ አራት አምስት ፍሬ ብትልጡ ይበቃል።

ሽፈራው ለኮንሶና ለአርባ ምንጭ ሰው ጓሮው ውስጥ ነው። የደረቀ ቅጠሉ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ እኔ ከመድኃኒት ይልቅ በመኖነቱ ነው የምቆጥረው። የኑግ ፋጉሎ ሲወደድ ያግዛል። ግን ይመራል፤ ሳፖኒን የሚባል መራራ ነገር አለበት። ዘፍዝፉትና ውሃውን ድፉት። ከመኖው ከ10 በመቶ አታሳልፉ።

ጥቁር አዝሙድ ኪስ ይጎዳል። አዲስ የዓሳ ጫጩት መንገድ አድክሞት ሲገባ ለሁለት ሳምንት 1 በመቶ እሰጣለሁ፤ ከዚያ አቆማለሁ። ፍሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ፍጩት። አንዴ የተፈጨ ገዝቼ ሽታ የሚባል አልነበረውም። እርድም የምትሞክሩ ካላችሁ ድፍኑን ግዙ።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚል ካጋጠማችሁ አትስሙት። ድሮ ወንዝ ላይ ዓሳ የሚያሰክሩት በምን ሆነና? በብርብራ ፍሬ! እንዶድም ዓሳ ይገድላል።

ደግሞ የሻገተ ፋጉሎ በምንም ቅመም አይታከም፤ ጣሉት። ዓሳው ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ አፉን እየከፈተ የሚያለከልክ ከሆነ ያጠረው አየር ነው፤ ሽንኩርት አይደለም። ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ አጥልቁት። መዳፋችሁ ካልታያችሁ ውሃው ከልክ በላይ አረንጓዴ ሆኗል፤ ፍግ መጨመር አቁሙና ንጹህ ውሃ ልቀቁበት። ቁስል ካያችሁ ግን ሰበታ ያለውን የዓሳ ምርምር ማዕከል ጠይቁ፤ ከሙቀጫው በፊት።