የጥቅምት ኑግ፦ 40 ቀፎ ወደ ማሳ ማስገባት (የንብ አናቢዎች ማህበር የዕቅድ ውይይት፣ ነሐሴ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። የኑግ ማሳው 12 ሄክታር ነው፤ 7ቱ ወንዙ ማዶ፣ 5ቱ ከአስፋልቱ በላይ። ለሄክታር 3 ቀፎ ሲታሰብ 36፣ መጠባበቂያ 4፣ በድምሩ 40። ባለማሳዎቹ ቦታውን በነፃ ይሰጣሉ፤ አበባው እስኪረግፍ ድረስ ፀረ ተባይ አይረጩም። ማሩ የማህበሩ ነው። የእነሱ ጥቅም ፍሬው ነው፤ ኑግ በራሱ ብናኝ አይፀንስም፣ ንብ ከሌላ ተክል ካላመጣችለት አበባው ገለባ ሆኖ ይቀራል። ወጪ፦ የመኪና ኪራይ ሁለት ሌሊት፣ ለበር የሚሆን ወንፊት፣ ገመድ፣ 8 ጋሎን ቢጫ ቀለም። አስተያየት እስከ እሑድ።

አባል 7፦ 8 ጋሎን ቀለም ለምን? የአንድ ቀፎ ውጭው ከነማር ክፍሉና ከነክዳኑ 1.3 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በ40 ሲባዛ 52። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 104። ሊትሩ 10 ካሬ ይሸፍናል። ባለ 4 ሊትሩ 3 ጋሎን ይበቃል። የቀሩት 5 የማን ናቸው?

ሂሳብ ያዥ፦ «የማን ናቸው» ማለት ምን ማለት ነው? እንጨቱ አዲስ ነው፣ የመጀመሪያውን ቅብ ይጠጣል። የማስቀመጫው እግርም ይቀባል።

አባል 7፦ ይጠጣ። 4 ይሁን። 8 አይሆንም።

አባል 19፦ ብዛቱን ተዉትና ቀለሙን እዩ። 40 ቢጫ ቀፎ በአንድ መስመር፣ ያውም ቢጫ በሆነ ማሳ ዳር! ንብ አዲስ ቦታ ስትደርስ ከበር ትወጣና ፊቷን ወደ ቀፎው መልሳ እየዞረች አካባቢውን ታጠናለች። የበሩን ቀለምና ቅርፅ፣ አጠገቡ ያለውን ቁጥቋጦ ትይዛለች። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ጭነቷን ይዛ የጎረቤት ቀፎ ትገባለች። ዳር ዳር ያሉት ቀፎዎች ይሞላሉ፣ መሀል ያሉት ይሳሳሉ። የአምናውን መስመር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አባል 3፦ እንግዲያው ግማሹ ቀይ ይሁን። ከሩቅ ይታያል፣ ሌባም ይፈራል።

አባል 19፦ ለአንተ ነው የሚታየው። ንብ ቀይን አታይም፣ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታያት። ጥቁር ደግሞ ይበልጥ ያስቆጣታል። ንብ አጥርታ የምትለየው ሰማያዊ፣ ቢጫና ነጭ ነው። ቀፎውን ሙሉ መቀባትም አያስፈልግም፤ በበሩ ዙሪያ 20 ሳንቲ ሜትር በየተራ ይቀባ።

ሂሳብ ያዥ፦ የማህበሩ ቀለም ቢጫ ነው። ማኅተሙም ምልክቱም ቢጫ ነው። ቀፎ ሲጠፋ ፖሊስ ጋ በምን እንለየዋለን?

አባል 7፦ በቁጥር። በጋለ ብረት ይተኮስ፣ ቀለም አይፈጅም።

አባል 11፦ ስለ ቀለም ነው የምታወሩት? ወንዙ ማዶ ያለው ማሳ አሁን ቀፎዎቹ ካሉበት 2 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቀሳሚዎቹ ያን አካባቢ ያውቁታል። በሌሊት ብታሻግሯቸው ጠዋት ወጥተው የሚመለሱት ወደ ድሮው ቦታ ነው፤ ባዶ መሬት ላይ ተከማችተው ያልቃሉ። ቀፎ ሲዘዋወር ቢያንስ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ አለበት። ለመንገዱም አዲስና ገና ያልጠነከረ የማር እንጀራ ያለው ፍሬም (እንጀራው የሚሠራበት የእንጨት ማቀፊያ) ይውጣ፣ በጉድጓድ ላይ ሲዘል ይቆረጣል። በሩ በወንፊት እንጂ በጭቃ አይዘጋ፣ ይታፈናሉ።

አባል 3፦ ሰማያዊው ዘይት ቀለም ነው ወይስ የውሃ? ሽታው ያባርራቸዋል።

አባል 19፦ ከውጭ ብቻ ተቀብቶ ሁለት ሳምንት ከደረቀ አያባርርም። ውስጡን የቀባ ሰው ንቡ ቢኮበልል ማንንም አይጠይቅ። ስለዚህ ቅቡ በነሐሴ ማለቅ አለበት።

ሂሳብ ያዥ፦ ስድስት ዓመት ሙሉ ደረሰኝ በደረሰኝ አስረክቤአለሁ። ዛሬ በቀለም ሌባ ከተባልኩ ቁልፉንና መዝገቡን እሑድ አስረክባለሁ። ሌላ ሰው ፈልጉ።

አባል 7፦ ጋሼ፣ ሌባ አላልኩም። ሊትሩን ነው ያሰላሁት። የእርስዎን ንፁሕነት ማንም አልጠየቀም።

ቁጥጥር ኮሚቴ፦ ቁልፉ ባለበት ይቆይ። ወደ ረቂቁ ተመለሱ።

አባል 22፦ ማሳውን እኔ እዞረዋለሁ። ከ100 ተክል ስንቱ አበባ እንደከፈተ ቆጥሬ በየሦስት ቀኑ እዚህ እጽፋለሁ።

አባል 11፦ ቁጠር። ከመቶ 10 ያህሉ ሲከፍት ነው ቀፎ የሚገባው። ቀድሞ ከገባ ንቦቹ አደይ አበባንና መጭ የሚባለውን የዱር አበባ ይለምዳሉ፤ ቀሳሚ ንብ አንድ አበባ ከያዘች በአንድ ጉዞ ሌላ አትቀላቅልም፣ የተሻለ ወለላ ያገኘችዋም ተመልሳ በጭፈራዋ ሌሎቹን ወደዚያው ትጠራለች። ቀፎው በር ላይ ቆማችሁ «ቢጫ ጭነት ገባ፣ ኑግ ነው» አትበሉ። የአደይም የመጭም ብናኝ ቢጫ ነው። ማሳው ውስጥ ገብታችሁ 10 እርምጃ እየሄዳችሁ ኑጉ ላይ ያሉትን ንቦች ቁጠሩ፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ።
ለባለማሳዎቹም ማስረጃ ይሆን ዘንድ አንድ ካሬ ሜትር ኑግ ከመክፈቱ በፊት በአጎበር ይሸፈን። ሲታጨድ ፍሬው ካልተሸፈነው አንድ ካሬ ጋር ይመዘን።

አባል 3፦ አጎበር ከየት ይመጣል?

አባል 14፦ ኑጉ ሳይሆን ባቄላው አይሻልም? ቅርብ ነው፣ ቀድሞም ያብባል።

አባል 11፦ የባቄላ አበባ ቧንቧው ረጅም ነው፤ የእኛ ንብ ምላስ እስከ ታች አይደርስም። ትልልቅ ዱር ንቦች በጎን ከነደሉት ቀዳዳ ነው ወለላውን የምትወስደው፤ በዚያ በኩል ስትገባ ብናኝ አትነካም፣ ለገበሬው አይጠቅምም። ብናኝ ፈልጋ በፊት ለፊት የምትገባዋ ብቻ ናት የምታዳቅለው። ደግሞም ባቄላው ለክሽክሽ ተባይ ይረጫል።

አባል 5፦ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። የኑግ ማር ቶሎ ይረጋል። የማር እንጀራው ውስጥ ከረጋ ማር ማውጫው ማሽን ቢሽከረከር አይወጣም፤ ቆርጦ ማቅለጥ ነው፣ የተሠራው እንጀራም ይጠፋል። ከፍሬሙ ሦስት አራተኛው በሰም እንደታሸገ በዚያው ቀን ሳይቀዘቅዝ ይውጣ። ሳይታሸግ ከወጣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ ያልፍና ይቦካል። ያለን ማሽን ባለ 2 ፍሬም ነው። ለ40 ቀፎ 8 ቀን ይፈጃል፣ በ8 ቀን ግማሹ ይረጋል።

ሂሳብ ያዥ፦ ይኸ ነው ቁም ነገሩ። ባለ 8 ፍሬም ማሽን እንግዛ። የባሕር ዳሩ ነጋዴ ያልረጋ ማር ነው የሚፈልገው።

አባል 7፦ ከቀለሙ የተረፈው ገንዘብ ወደ ማሽኑ ይግባ።

ቁጥጥር ኮሚቴ፦ ተስማማን። 22 የት ነው? ቆጠራው አልመጣም።

አባል 14፦ 22 ስልክ አያነሳም።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ። ከአስፋልቱ በላይ ላለው 5 ሄክታር 16 ቀፎ ይጓጓዛል፤ 7 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ንቡ አይመለስም። የቀሩት 24 ባሉበት ይቆያሉ። አራት አራት ሆነው በሮቻቸው በተለያየ አቅጣጫ ይቀመጣሉ። የበር ቀለም ነጭ፣ ሰማያዊና ቢጫ አንድ አንድ ጋሎን። ቀሪው ገንዘብ ለማሽን። የውይይቱ ርዕስ «ማር ማውጫ ማሽን መግዛት» ይባል።

አባል 11፦ የርጭቱ ስምምነት ከረቂቁ ወጥቷል። ወንዙ ማዶ ኑጉ አጠገብ ሽምብራ አለ፣ ለጓይ ትል በጥቅምት ይረጫል። ንባችን ባትጓዝም ወደዚያ ትሄዳለች። መርጨት የግድ ከሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ንብ ስትገባ፤ ከሁለት ቀን በፊትም ይነገረን። ባለሽምብራውን ማን ያናግረዋል?

አባል 3፦ አጎበር አገኘሁ፣ ግን ቀዳዳ አለው።

ሂሳብ ያዥ፦ ሱቁ ሄጄ ነበር። ነጭ የለም፣ ክሬም አለ። ልግዛ?

አባል 19፦ ክሬም ለቢጫው ይቀርባል። ነጩ እስኪመጣ ሦስተኛው በር ሳይቀባ ይቆይ።

አባል 11፦ ባለሽምብራውን ማን ያናግረዋል?

ሂሳብ ያዥ፦ ሰማያዊና ቢጫ ገዛሁ። ደረሰኙን ማታ እለጥፋለሁ።