አንቺሆዬን በአኮርዲዮን፦ ግራ እጄ አስቸገረኝ

የሰበታው ድምፃዊ፦
አኮርዲዮንን ያለ አስተማሪ ነው የተማርኩት። ቅዳሜ ማታ ሰበታ መውጫ ላይ ባለች መጠጥ ቤት እየዘፈንኩ እጫወታለሁ። ትዝታና ባቲ ቅኝት እሺ ይሉኛል፤ አንቺሆዬ ቅኝት ስገባ ግን የግራ እጄ ኮርዶች (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ከዜማው ጋር ይጣላሉ፤ ጠጪው ብርጭቆውን አስቀምጦ ያየኛል። ምን ይሻለኛል?

የድሮ ኦርኬስትራ ሰው፦
ልጄ፣ ጥፋቱ የጣትህ አይደለም። አንቺሆዬ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። ዶ ሜጀርም ዶ ማይነርም አይገጥመውም፤ ፋ ሜጀር ግን ይገባል። ሌላውን ኮርድ ተወውና በባሱ ቁልፍ መነሻውን ብቻ ያዝ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ካሴት አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጋብቶታል፤ ቀኝ እጁን አድምጥ።

ጠጋኙ፦
ወናፉንም ፈትሽ። ምንም ቁልፍ ሳትነካ አንዱን ጎን ይዘህ ስታንጠለጥለው ቶሎ ከተዘረጋ አየር ያስወጣል። ፀሐይ ላይ አታስቀምጠው፤ ድምፅ የሚያወጡት የብረት ምላሶች የተጣበቁበት ሰም ይለሰልሳል። (ሱፐር ግሉ የሚያፈሱበትን ሰዎች አይቼ አዝኛለሁ።)

የሰበታው ድምፃዊ፦
ጋሼ፣ ፋ ሜጀሯ ገባች! ወናፉ ግን በጥግ በኩል ይተነፍሳል። ጠጋኙ፣ በምን ልለጥፈው?

ጠጋኙ፦
በስስ ቆዳና በአናጢ ኮላ፣ ከውስጥ በኩል።